ምንጩን ያዩ ሴቶች

በ1888 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር፣ ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በሚገኝበት በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ፣ የኢጣሊያ ጦር በድንጋይ ካብና በመድፍ የተጠበቀ ምሽግ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ከአምባላጌ ድል የመጣው የኢትዮጵያ ጦር ደጋግሞ ቢያጠቃም ደፋሮቹ እካቡ ሥር እየወደቁ፣ የተረፉት እያፈገፈጉ ምሽጉ ሳይደፈር ቆየ። ነገሩ የተለወጠው እቴጌ ጣይቱ አንድ ነገር ካስተዋሉ በኋላ ነው። የምሽጉ አዛዥ የሻለቃ ጋሊያኖ ወታደሮች የሚጠጡት ውሃ ከካቡ ውጪ ካለ ምንጭ የሚቀዳ ነበር። እቴጌይቱ ምንጩ ይያዝ ብለው መከሩ፤ ንጉሠ ነገሥት ምኒልክ ምክሩን ተቀበሉ፤ ዘጠኝ መቶ ያህል ሰው ተመድቦ ምንጩ ተያዘ። የያዙትም ከላይ የሚወርድባቸውን ጥይት ችለው፣ የወደቀው ወድቆ፣ ቦታቸውን ሳይለቁ ሰነበቱ። ሁለት ሳምንት ገደማ ካለፈ በኋላ በመድፍ ያልተሰበረው ጦር በውሃ ጥም ተሰብሮ ምሽጉን ለቀቀ።

ይህን ታሪክ ስንተርክ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው የእቴጌይቱን ወኔ ነው። ወኔ ግን በዚያ ሰሞን መቀሌ ላይ የታጣ ነገር አልነበረም፤ እካቡ ሥር የወደቁት ሁሉ ነበራቸው። የታጣው ጠላት በምን ቆሞ እንዳለ መርምሮ ጉልበትን እዚያው ላይ የሚያውል አስተውሎት ነው። ከታላላቅ ሴቶች ሕይወት ምን እንውሰድ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በየዓመቱ የካቲት 29 ሲደርስ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የሴቶች ፎቶግራፍ ይሰቀላል። የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት፣ የመጀመሪያዋ ሴት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን እየተባለ ማዕረግ ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ሰው ይበተናል። እነዚህ ሴቶች የደረሱበት ቦታ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን አንዲት የመቀሌ ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ ተማሪ ከማዕረግ ዝርዝር ነገ ጠዋት የምትሠራበትን ነገር አታገኝም። የምታገኘው ሴትዮዋ ችግሩን እንዴት እንዳየችው፣ በምን ቅደም ተከተል እንደያዘችው፣ ምን እንዳስከፈላት ሲነገራት ነው። መነሳሳት የሚባለው ነገር እንዲጸና ከተፈለገ የታላላቅ ሴቶችን አስተያየትና አሠራር መውረስ እንጂ ወንበራቸውን ማድነቅ አይበቃም የሚል ነው ክርክሬ።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በሐረርጌ ዶባ ወረዳ አጥኚዎች ለገበሬዎች አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞችን አሳይተው ነበር። በፊልሞቹ ላይ የቀረቡት ሰዎች ሚኒስትር ወይም ሚሊየነር አልነበሩም፤ እንደ ተመልካቾቹ ከገጠር ተነስተው፣ በእርሻ ወይም በትንሽ ንግድ ኑሯቸውን ያሻሻሉ ወንዶችና ሴቶች ነበሩ፤ ከምን ተነስተው፣ ምን ሠርተው እዚያ እንደደረሱ በራሳቸው አንደበት ይናገራሉ። ሌላው ቡድን ደግሞ የመዝናኛ ዝግጅት ብቻ አየ። ከስድስት ወር በኋላ አጥኚዎቹ ሲመለሱ ፊልሙን ያዩት ሰዎች ምኞታቸው ከፍ ብሎ፣ መቆጠብ ጀምረው፣ ለልጆቻቸው ትምህርት የሚያወጡትም ጨምሮ አገኟቸው። ለውጡ ተራራ የሚንድ አልነበረም፤ ግን አንድም ብር ሳይሰጣቸው የመጣ ነው። እንደኔ እምነት ፊልሞቹ የሠሩት ባለታሪኮቹ ለተመልካቹ ቅርብ ስለነበሩና አሠራራቸውም ደረጃ በደረጃ ስለተነገረ ነው። አብዛኛው የየካቲት 29 ፖስተር ሁለቱንም የለውም፤ ሴትዮዋን ያርቃታል፣ አሠራሯንም ይሰውረዋል።

ለመቀሌ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብለው ሲመረጡ ስማቸው በዓለም ተሰማ፤ ሽልማቱ ግን የታሪኩ ትንሹ ክፍል ነው። ወይዘሮ ፍሬወይኒ ትግራይ ተወልደው ያደጉ፣ አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ የተማሩ ናቸው። እንደ ብዙዎቹ የዘመናቸው ልጃገረዶች የወር አበባ ሲመጣባቸው ጨርቅ ቀደው፣ ተደብቀው፣ ተሳቀው አድገዋል። ይህን ነገር የማያውቅ ቤት የለም፤ የሚናገረው ግን አልነበረም። ልጃገረድ በወር ውስጥ ጥቂት ቀን ከክፍል ስትቀር መምህሩ መዝገቡ ላይ ቀሪ ብሎ ይጽፋል፤ ሲደጋገም ውጤቷ ይወርዳል፤ ውጤቷ ሲወርድ ትምህርቱ አልሆነላትም ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቃት ትዳር ነው። በዚህ ሁሉ ሰንሰለት ላይ ስለ ሴቶች ትምህርት ስንት ስብሰባ ተደርጓል፣ ስንት መፈክር ተጽፏል። ወይዘሮ ፍሬወይኒ ያዩት የሰንሰለቱን መነሻ ነው። ሞዴስ የሚገዛበት ገንዘብ የለም፤ ገንዘቡ ቢኖርም የገጠር ሱቅ ላይ አይገኝም፤ ቢገኝም ልጅቱ ከወንድ ሻጭ መጠየቅ ታፍራለች። ስለዚህ ታጥቦ እየደረቀ እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል መጠበቂያ ቀየሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዘገቡ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በልጃቸው ስም ማርያም ሳባ ያሉትን ፋብሪካ መቀሌ ላይ ከፈቱ። ሽልማቱ በመጣበት ጊዜ ፋብሪካው ከ40 በላይ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ በዓመት 750,000 ያህል መጠበቂያ የሚያመርቱበት ነበር።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ በላይ የማደንቀው ጨርቁን አይደለም። ምርቱን ወደ ትምህርት ቤቶች የሚያደርሱት አጋሮቻቸው ስለ ወር አበባ ትምህርት የሚሰጡት ለሴቶቹ ብቻ አይደለም፤ ወንዶቹም ተቀምጠው ይማራሉ። ልጅቱን ከክፍል የሚያስቀራት የጨርቅ እጦት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጨርቅ ማደሉ ይበቃ ነበር። ቀሚሷ ላይ ጠብታ ያየ ወንድ ልጅ የሚስቅባት ከሆነ ግን ችግሩ ልጁም ዘንድ አለ። ይህን ያስተዋለ ሰው እቃ ከማምረት አልፎ ልማድን መንካት እንዳለበት ገብቶታል። አንዲት ተማሪ ከዚህ የምትወስደው ነገር፣ ኬሚካል ኢንጂነር ሁኚ የሚል ምክር አይደለም፤ መሆን ብትፈልግም እሰየው። የምትወስደው ሁሉም የሚያውቀውን፣ ማንም የማይናገረውን ችግር ሥራዬ ነው ብሎ መያዝ ይቻላል የሚለውን ነው። የዘመኗ አዋቂዎች ነውር ብለው የሸፈኑት ነገር ውስጥ ፋብሪካ፣ የሥራ ዕድልና የብዙ ሺህ ልጃገረዶች የትምህርት ዘመን ተቀብሮ ነበር።

በከምባታ የዶክተር ቦጋለች ገብሬ ሥራም በዚሁ መንገድ ሲታይ ይበልጥ ይገባል። በልጅነታቸው ውሃ ልቅዳ ብለው እየወጡ ትምህርት ቤት ይሄዱ የነበሩት እኚህ ሴት፣ ተምረው አሜሪካ ከኖሩ በኋላ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ጋር ድርጅት መሠረቱ። የመጡበት ዋና ጉዳይ የሴት ልጅ ግርዛት ነበር። ያገሩ ሰው ግን መጀመሪያ የነገራቸው ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ እንደሌለ ነው። ብዙ ምሁር እዚህ ላይ ተቆጥቶ ይመለስ ነበር፤ ቦጋለች ድልድዩን አሠሩ። ከዚያ በኋላ ሰው ሊያዳምጣቸው ተቀመጠ። በየመንደሩ ወንዱም ሴቱም ሽማግሌውም የሚናገርበት ውይይት ለዓመታት ተካሄደ፤ ያልተገረዙ ሙሽሮች በአደባባይ ተዳሩ፤ ሁሉንም ሴት ልጅ ሲነካ የኖረው ልማድ በአካባቢው ከመቶ ከ3 በታች መውረዱን ዩኒሴፍ መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲያርፉ የተነገረላቸው ድፍረታቸው ነበር፤ ለእኔ ግን ትልቁ ትምህርታቸው ድልድዩ ላይ ነው። የሕዝብን ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ የራስን ጥያቄ ማንሻ በር መሆኑን አውቀዋል።

ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ ነው። ከዚያ ሃያ ዓመት በፊት ግን እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ከትምህርት ቤት መልስ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች የ14 ዓመት ልጃገረድን ጉዳይ ይዞ ራስን መከላከል ነው ብሎ ተከራከረ፤ ልጅቱ ነፃ ወጣች። በዚያን ጊዜ የነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ያገባት እንደሆነ ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። ማኅበሩ አንዷን ልጅ በማስፈታት ቢያቆም ኖሮ ጥሩ ጠበቆች ተብሎ ይታለፍ ነበር። እነሱ ግን በቀዳዳው ላይ ዘመቱ፤ በ1992 የቤተሰብ ሕጉ ሲሻሻል፣ በ1997 አዲሱ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ ሲውልና ያ ቀዳዳ ሲዘጋ የማኅበሩ ጉትጎታ የራሱ ድርሻ ነበረው። አንድ አንቀጽ ስንት ጠለፋ ተሸክሞ እንደኖረ ያየ ሰው ሥራ ነው ይህ።

እነዚህን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ አንድ ነገር ይታየኛል። ውሃ፣ የወር አበባ፣ ልጆች የሚሻገሩበት ድልድይ፣ የትዳር ሕግ፤ ሁሉም አዛዦችና ባለሥልጣኖች የቤት ጉዳይ ብለው የሚያልፏቸው ነገሮች ናቸው። ውሃ በእንስራ የሚቀዳ ሰው፣ ወይም ሠራዊት የሚያበላና የሚያጠጣ ግብር ቤት የሚያስተዳድር ሰው፣ ምሽግ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህ ሁሉ ሕዝብ ምን ይጠጣል ብሎ ቢሆን አይደንቅም። በዓድዋም ሴቶች በእቴጌይቱ ትእዛዝ ውሃ ይዘው ለተዋጊው ማዳረሳቸው ይታወቃል። ሴቶች ለዘመናት የተሸከሙት ሥራ የነገሮችን ድጋፍና ማሰሪያ የሚያሳይ እውቀት ሰጥቷቸዋል፤ መሪ የሆኑት ይህን እውቀት ሳይንቁ ወደ አደባባይ ያወጡት ናቸው ባይ ነኝ። እዚህ ላይ የሚቃወመኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ የሴቶችን ሸክም እያሞገስክ በዚያው እንዲኖሩ ትፈርዳለህ ሊለኝ ይችላል። ሸክሙን አላሞግስም። እንስራ ጀርባ ያጎብጣል፤ ቧንቧ ይሻላል። የምለው ሸክሙ ያስተማረው ነገር ከሸክሙ ጋር አብሮ አይጣል ነው፤ ቧንቧውን የት መቅበር እንዳለበት ከሁሉ ቀድማ የምታውቀውም ውሃ ስትቀዳ የኖረችዋ ናትና።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከዚሁ ከትግራይ ሊነሳ ይችላል፤ ሊነሳም ይገባል። ጥቅምት 2011 ላይ ከ20 የካቢኔ አባላት ግማሹ ሴቶች ሲሆኑ፣ በዚያው ወር ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር ሲሆኑ አገሩ በሙሉ አጨበጨበ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ጦርነቱ መጣ፤ በትግራይ ሴቶች ላይ የደረሰውን ለመጻፍ ቃል ይከብዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወንበር ላይ የነበሩት ሴቶች ምን አደረጉልን የሚል ጥያቄ በብዙ ቤት አለ። ቅር የተሰኘውን ሰው በሴቶች መሪነት ተነሳሳ ማለት ቁስሉን መርገጥ ነው። ከዚያም ቀደም ሲል በደርግ ላይ በተካሄደው የትግራይ ትጥቅ ትግል ከተሰለፉት ከሦስት እጅ አንዱ ገደማ ሴቶች እንደነበሩ ይነገራል፤ በትግሉ በተያዙ አካባቢዎች ሴቶች በስማቸው መሬት አግኝተዋል፤ ከድል በኋላ ግን በአመራሩ ጫፍ የቀሩት ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ፤ ብዙ ታጋዮችም ሜዳ ላይ የነበራቸውን እኩልነት ከተማ ገብተው አጡት።

ይህን ተቃውሞ አልሸሸውም፤ እንዲያውም ክርክሬን ያጠናክርልኛል። ወንበሩን ስናደንቅ ከኖርን ወንበሩ ዝም ያለ ቀን መነሳሳታችንም አብሮ ይሞታል። የሴት ስም በሹመት ዝርዝር ላይ መኖሩ ብቻውን ለአንዲት እናት ዋስትና እንደማይሆን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። በአንጻሩ የፍሬወይኒ መጠበቂያ ሹመት አልጠየቀም፤ የቦጋለች ድልድይ አዋጅ አልጠበቀም። የታጋዮቹም ታሪክ ቢሆን የሚያስተምረው ሜዳ ላይ እኩልነት የሠራው ደንብ፣ የጋራ ሥራውና የመሬት ድልድሉ እንደነበረ፣ እነዚህ ሲፈርሱ ወይም ሲላሉ በግለሰብ ጀግንነት ብቻ የተያዘው ነገር እንደማይቆይ ነው። ሴት መሪን በሥራዋ የሚመዝን ሰው ሥራዋ በጎደለበት ይጠይቃታል፤ ይህም እንደ ማንኛውም መሪ ቆጥሮ ማክበር ነው።

ሌላው ሰው ደግሞ መነሳሳት እንጀራ አይሆንም ይላል። በኮቪድና በጦርነቱ ሳቢያ የትግራይ ልጆች ሦስት ዓመት ገደማ ከትምህርት ገበታ ውጪ ቆይተዋል፤ ሰላም ከወረደ በኋላም የመቀሌ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃዮች መጠለያ ሆነው ነበር። ዕድሜዋ ከክፍሏ ያለፈ ልጅ፣ ቤተሰቧ ድንኳን ውስጥ ያለች ልጅ፣ የታላላቅ ሴቶች ታሪክ ምን ያደርግላታል? እውነት ነው፣ መነሳሳትን ብቻ ሰጥቶ ደብተርና ክፍል መንሳት ጭካኔ ነው፤ ልጅቱ ስትወድቅ ጥፋቱ ያንቺ ነው ለማለት መንገድ ይከፍታል። ከላይ የጠቀስኳቸው ሴቶች ግን ማናቸውም ለልጃገረዶች በርቺ ብለው አልሄዱም። ፋብሪካ፣ ማኅበር፣ ድልድይ፣ የተሻረ አንቀጽ ነው ትተው የሄዱት። የእነሱን ታሪክ በትክክል የሰማ ሰው ፊቱን ወደ ልጅቱ ጽናት ብቻ አያዞርም፤ ክፍሏ ለምን እንዳልተከፈተ ይጠይቃል፣ ሽንት ቤቱ በርና ውሃ እንዳለው ያያል፣ ዕድሜዋ ላለፈባት ተማሪ የማታ ትምህርት ይከፈት ብሎ ክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ይሄዳል።

ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ ስሙን የወሰደው በ1935 ዓ.ም. ከተቀሰቀሰው አመፅ ነው። ስሙን የሚጠራ ሁሉ፣ ባያውቀውም፣ ታሪክ ያስታውሳል። ከተማዋ ለወንዶቹ ዘመቻ እንዲህ ያለ ቋሚ መታሰቢያ ካቆመች፣ ሴቶቿ ያደረጉትን በዓመት አንድ ቀን ፎቶ በመስቀል መወሰኗ ያንሳታል። እንዳ ኢየሱስ እዚሁ አጠገብ ነው። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ኮረብታው ወስደው ምሽጉ የት ነበር፣ ውሃው ከየት ይቀዳ ነበር፣ በእናንተ ሰፈር ይህን የሚመስል ምን አለ ብለው ቢጠይቁ ከማንኛውም ንግግር በላይ የሚያስተምር ይመስለኛል። ከማርያም ሳባ ፋብሪካ የስፌት ሠራተኞች፣ ከገበያው ከጦርነቱ በኋላ ባዶ ሱቃቸውን በዕቁብ ያቆሙ ነጋዴዎች፣ ከየጤና ጣቢያው አዋላጆች ተጋብዘው ምን አጋጠማችሁ፣ በምን ተወጣችሁት ተብለው ቢጠየቁ የዶባው ፊልም በሕይወት ቀረበ ማለት ነው። ታዋቂነት አያስፈልጋቸውም፤ እንዲያውም ሰፈር ውስጥ የሚታወቁ መሆናቸው ነው የሚጠቅመው።

በእነዚህ ዝግጅቶች ላይ ግን ወላጆችም፣ በተለይ አባቶች፣ መቀመጥ አለባቸው። በህንድ ምዕራብ ቤንጋል አንዳንድ የመንደር ምክር ቤቶች ሊቀመንበርነት በዕጣ ለሴቶች ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። አጥኚዎች ውጤቱን ሲመዘግቡ፣ በተከታታይ ሁለት የምርጫ ዘመን ሴት በመራችባቸው መንደሮች ወላጆች ለወንድና ለሴት ልጆቻቸው በሚመኙት መካከል የነበረው ልዩነት ጠበበ፤ በልጆቹ ዘንድ ደግሞ ይበልጥ ጠበበ። በትምህርት ደረጃ የነበረው ልዩነት ጠፋ፤ ልጃገረዶች በቤት ሥራ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜም ቀነሰ። የሥራ ገበያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሴት ስትመራ ያየው ሰው አእምሮ ነው። ቦጋለች በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ለመሄድ ውሃ ልቅዳ ብለው መዋሸት ያስፈለጋቸው ፍላጎት ጎድሏቸው አልነበረም፤ ፍላጎቱ በእሳቸው ዘንድ ሞልቶ ነበር፤ የጎደለው በር ላይ ቆሞ ሂጂ የሚል ሰው ነው። ዛሬም ልጅቱን ከክፍል የሚያስቀራት ወይም የሚያስቀጥላት፣ ማታ ጥናቷን ትታ እቃ እንድታጥብ ወይም ወንድሟ እንዲያግዛት የሚወስነው ቤት ውስጥ ያለው አዋቂ ነው። የፍሬወይኒን ሥራ ለአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ከመተረክ በፊት፣ መጠበቂያው የሚገዛበትን ገንዘብ የያዘው አባት ቢሰማው ይሻላል። የመቀሌ ምሽግ በጥም የተሸነፈው እቴጌይቱ ምንጩን ስላዩ ብቻ አልነበረም፤ ምኒልክም ሰምተው እሺ ስላሉ ነው።